የቡችላው ሆድ የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው



ዛሬ ስለ ቡችላ ሆድ ነው የማወራችሁ። "ዶክተር፣ ሙያ ቀየርክ እንዴ?" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልቀየርኩም፤ የሰው ሐኪም ነኝ። ግን ጎሬ ላይ ሕፃናትን ሳይ ለወላጆች ደጋግሜ የማቀርበው ጥያቄ አለ። ልጁ ሆዱን ያመዋል፣ ያስለዋል፣ ትኩሳት መጣ ሄደ ይለዋል፣ ወይም እግሩ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጥቶበታል እንበል። "ቤታችሁ ቡችላ አለ?" ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ እናቶች ይስቃሉ። "ምነው ዶክተርዬ፣ እኔ ልጄን ነው ያመጣሁት!" ይሉኛል። ቀጥሎ ግን፣ "አዎ አለ፣ እሱም ሰሞኑን ያስቀምጠዋል" የሚለው ይከተላል።

የቡችላው ሆድ እና የልጁ ጤና የሚገናኙበት መንገድ አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ካወቀው ግን መከላከሉ ቀላል ነው። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና አፍሉና አንብቡት።

ጎሬ ላይ ነገሩ ለምን ይብሳል?

ውሻ በእኛ አካባቢ ጌጥ አይደለም፤ ሠራተኛ ነው። ማታ ግቢ ይጠብቃል፣ ገጠር ደግሞ ዝንጀሮና ከርከሮ ከበቆሎው ያባርራል። ስለዚህ ቡችላ የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። ልጆች ያቅፉታል፣ ፊታቸውን ያስልሱታል፣ አብረውት መሬት ላይ ይንከባለላሉ። በዚህ ላይ ክፋት የለውም፤ ልጅ ከእንስሳ ጋር ሲያድግ ደስ ይላል።

ችግሩ መሬታችን ነው። ኢሉባቦር ከአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ጎሬ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም ብርዱ ውርጭ የሚሆን አይደለም፤ አፈሩም የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ነው፣ ጥላውም ብዙ ነው። ለቡናው የተመቸው ይህ እርጥብና ጥላማ አፈር ለትል እንቁላልም ይመቸዋል። ደረቅና ፀሐይ የሚያቃጥለው መሬት ላይ ቶሎ የሚሞተው የትል እንቁላልና እጭ እዚህ ረጅም ዕድሜ ያገኛል።

ቡችላው ትሉን ከየት አመጣው?

"ገና ተወለደ፣ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አልቀመሰ፣ ትል ከየት ያመጣል?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ከእናቱ የሚል ነው።

በቡችሎች ሆድ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ትል ቶክሶካራ ይባላል። እኛ ወስፋት የምንለውን ይመስላል፤ ነጭ፣ ረጅም፣ እንደ ክር ነው። የዚህ ትል እጭ በእናቲቱ ውሻ ሥጋ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ስታረግዝ ይነቃና በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ገና ሆድ ውስጥ ወዳሉት ቡችሎች ይሄዳል። ከተወለዱ በኋላም በጡት ወተት ይተላለፋል። ስለዚህ ቡችላ ትል ይዞ ይወለዳል ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም። ዕድሜው 3 ሳምንት ገደማ ሲሆን በሰገራው የትል እንቁላል ማውጣት ይጀምራል። አንዷ እንስት ትል በቀን ከ100 ሺህ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። አንድ ቡችላ ውስጥ ደግሞ ብዙ ትል ይኖራል።

ሁለተኛው መንጠቆ ትል ነው። የአንጀት ግድግዳ ላይ ነክሶ ደም ይመጣል። ይህም በእናት ወተት ይተላለፋል። ትንሽ ቡችላ ደሙ ጥቂት ስለሆነ በመንጠቆ ትል ሊሞት ይችላል። ምልክቱን ለማየት ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን ተመልከቱ፤ ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ እንደ ወረቀት ከነጣ ደም አጥቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ቁንጫ የሚያመጣው የኮሶ ትል ዓይነት ነው። ቡችላው ራሱን ሲልስ ቁንጫውን ይውጣል፤ ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል። ፊንጢጣው አካባቢ ወይም መኝታው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ይህ በጥሬ ሥጋ ከምንይዘው የሰው ኮሶ የተለየ ነው። ትሉን አጥፍታችሁ ቁንጫውን ከተዋችሁት ተመልሶ ይመጣል።

ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ ጎድኑ ግን የሚቆጠር፣ ፀጉሩ የደረቀ ቡችላ ስታዩ "ጥጋበኛ ነው" አትበሉ። ብዙውን ጊዜ ትል ነው።

ትሉ ልጃችን ላይ ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

የቶክሶካራ እንቁላል ከአፈር ወደ ልጅ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይገባል። ሆድ ውስጥ ሲፈለፈል እጩ የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ይወጣና በደም ይዘዋወራል። ሰው የተፈጥሮ ቤቱ ስላልሆነ አድጎ ትልቅ ትል አይሆንም። ጉበት፣ ሳንባ፣ አልፎ አልፎም ዓይን ውስጥ ይንከራተታል። ብዙ ልጆች ምንም ሳይታይባቸው ያልፋል። አንዳንዱ ላይ ግን ትኩሳት፣ ሳል፣ ሲተነፍስ ማፏጨት፣ የሆድ ሕመምና የጉበት ማበጥ ያመጣል። ዓይን ውስጥ ከገባ የአንድ ዓይንን እይታ እስከማጥፋት ይደርሳል።

አሁን ደግሞ ብዙ ወላጆችን የሚያዘናጋውን ነገር ልንገራችሁ። "ሰገራው ተመርምሮ ነፃ ነው ተብሏል" ይሉኛል። እውነት ነው፤ ነፃ ሊሆን ይችላል። እጩ ሰው አንጀት ውስጥ አድጎ እንቁላል ስለማይጥል በሰገራ ምርመራ አይታይም። ስለዚህ ለሐኪማችሁ "ቤታችን ቡችላ አለ፣ ልጁም አፈር ይበላል" ብላችሁ ንገሩት። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የምርመራውን አቅጣጫ ልትቀይር ትችላለች። የደም ምርመራ ላይ ኢኦሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ከፍ ብሎ ከተገኘ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

የመንጠቆ ትሉ እጭ ደግሞ አፍ አያስፈልገውም። በባዶ እግር ወይም እርጥብ አፈር ላይ በተቀመጠ መቀመጫ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቆዳ ሥር እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቀይ መስመር ይሠራል፤ በተለይ ማታ ያሳክካል። "ጭርት ነው" ተብሎ ቅባት ብቻ ሲቀባበት የሚከርም ልጅ አለ። መስመሩ ቀን በቀን ቦታ እየቀየረ ከሄደ ጭርት አይደለም፤ ወደ ጤና ተቋም አምጡት። መድኃኒት አለው።

መፍትሔው 1፦ የትል መድኃኒት በሰዓቱ

አብዛኛው ሰው ለቡችላው የትል መድኃኒት የሚያስበው ትል ሲያይ ነው፤ ወይም ሦስት ወር ሲሞላው ነው። ያን ጊዜ ግቢው ለሁለት ወር ያህል እንቁላል ሲዘራበት ቆይቷል። ትክክለኛው ጊዜ ይህ ነው፦

- የመጀመሪያው 2 ሳምንት ሲሞላው
- ከዚያ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንቱ
- ከዚያ እስከ 6 ወሩ በየወሩ
- ከ6 ወር በኋላ በየ3 ወሩ
- እናቲቱም ከቡችሎቿ ጋር አብራ ትውሰድ

ለምን ይደጋገማል? መድኃኒቱ የሚገድለው አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ነው። በሥጋና በሳንባ ውስጥ በመንገድ ላይ ያለውን እጭ አያገኘውም። እጩ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንጀት ሲደርስ ሁለተኛው ዙር ይጠብቀዋል።

መድኃኒቱን ከእንስሳት ሐኪም ወይም ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ውሰዱ። መጠኑ በክብደት ነው የሚሰላው፤ ቡችላውን በዘንቢል አድርጋችሁ በሚዛን መዝኑት። ለልጅ ከተሰጠ መድኃኒት የተረፈውን "ግማሽ ትበቃዋለች" ብሎ መስጠት ይቅር። ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ ማጠጣትም ይቅር። አያቶቻችን ለራሳቸው የተጠቀሙባቸው እነዚህ ዕፅዋት ኃይለኛ ናቸው፤ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ እንስሳ ላይ መጠኑን ማንም በዓይኑ ሊለካ አይችልም።

መፍትሔው 2፦ ሰገራው በዚያው ቀን ይነሳ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። አሁን የወጣ የቡችላ ሰገራ ውስጥ ያለው የቶክሶካራ እንቁላል ሰውን ለመያዝ ገና አልበሰለም። አፈር ላይ እንደ ሙቀቱና እርጥበቱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያስፈልገዋል። ከበሰለ በኋላ ግን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የመንጠቆ ትሉ ደግሞ ይቸኩላል፤ በአንድ ሳምንት ገደማ ቆዳ የሚበሳ እጭ ይሆናል።

ስለዚህ በየቀኑ በአካፋ አንስታችሁ ሽንት ቤት ከጣላችሁት ወይም ጠለቅ አድርጋችሁ ከቀበራችሁት ዑደቱን ቆረጣችሁት። ገንዘብ አይጠይቅም። "ዝናብ ያጥበዋል" ብሎ መተው ግን ስህተት ነው። ዝናብ ሰገራውን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ እንቁላሉን አይገድለውም። እንዲያውም ጎመንና ቆስጣ ወዳለበት ጓሮ ይወስደዋል። በረኪናም የቶክሶካራን እንቁላል አይገድልም። ሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያወጣው ከሆነ አንስታችሁ የፈላ ውሃ ድፉበት።

ከዚህ ሌላ የታወቀውን አትርሱ፦ ልጆች ከጨዋታ በኋላና ምግብ ሳይቀምሱ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ጥፍራቸው ይቆረጥ፣ ግቢ ውስጥም ጫማ ያድርጉ። ከጓሮ የተቀጠፈ ቅጠል በደንብ ይታጠብ።

ምን እናብላው?

ኢንቦክስ ላይ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ "ቡችላዬን ያስቀምጠዋል፣ ምን ልስጠው?" የሚሉ ናቸው። ብዙ ጊዜ መነሻው ምግቡ ነው።

የላም ወተት፦ ቡችላ ከእናቱ በ3 እና በ4 ሳምንቱ ተነጥቆ ይመጣና "ሕፃን ነው" ተብሎ የላም ወተት በሳህን ይቀርብለታል። የላም ወተት ውስጥ ያለው የወተት ስኳር ከውሻ ወተት ይበልጣል፤ ስቡና ፕሮቲኑ ደግሞ ያንሳል። የቡችላው አንጀት ስኳሩን መፍጨት ሲያቅተው ተቅማጥ ይከተላል። ዋናው መፍትሔ ቡችላውን እስከ 8 ሳምንቱ ከእናቱ አለመለየት ነው። ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት ጀምሮ ለስለስ ያለ ምግብ ማለማመድ ይቻላል፤ በደንብ የበሰለ ሩዝ ከተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ጋር፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ።

ወጥ፦ ይህ ብዙዎችን ያስደነግጣል። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። በመንጠቆ ትል ደሙ ያነሰ ቡችላ ላይ ወጥ የነካው ፍርፍር በየቀኑ ሲጨመርበት አስቡት። እንጀራው ብቻውን ችግር የለውም፤ ወጡን ተዉት።

አጥንት፦ የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ሊጥ፦ ያልበሰለ የዳቦ ሊጥ ሆድ ውስጥ መቦካቱን ይቀጥላል፤ ይነፋል፣ አልኮልም ያመርታል። ሊጥ ያለበትን ዕቃ ክደኑ።

ቡና፦ እኛ ቡና ላይ ነው የምንኖረው። ካፌይን ግን ለውሻ መርዝ ነው፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ልቡን ያስሮጠዋል። የጀበናውን አተላ ቡችላው በማይደርስበት ድፉት። ጓሮ የሚሰጣ ቡናም ይጠበቅ።

የበዓል ዕለቱ ስጦታ

ጾሙ ተፈትቶ በግ ሲታረድ፣ አረፋ ላይ ኡድሂያው ሲሠዋ፣ ውሻውም ድርሻውን ይጠብቃል። የተበላሸ የመሰለው ሳንባና ጉበት እየተቆረጠ ይወረወርለታል። "እኛ የማንበላውን እሱ ይብላ" ነው ነገሩ። አደጋው ያለው እሱ ላይ ነው።

በበግ፣ በፍየልና በከብት ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ኢኪኖኮከስ የሚባል ትል እጭ ያለበት ነው። ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ በጣም ጥቃቅን የሆኑ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ትሎች ይሆናሉ። ውሻው አይታመምም፣ አይከሳም። እንቁላሉ ግን በሰገራው ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። ይኸኛው እንደ ቶክሶካራ አይደለም፤ እንደወጣ ወዲያው ሰውን መያዝ ይችላል። ሰው ከዋጠው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ቀስ እያለ ለዓመታት የሚያድግ ከረጢት ይሠራል። ዛሬ በልጅነት የገባ በጉልምስና ሊታይ ይችላል። ሕክምናው ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

መከላከያው፦ ከረጢት ያለበትን ሥጋ ጠለቅ አድርጎ መቅበር ወይም ማቃጠል፤ ሌላውን ሆድቃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅሎ መስጠት። በየጊዜው የምትሰጡት የትል መድኃኒት ፕራዚኳንቴል የሚባለውን ይዞ እንደሆነም የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ለወስፋት የሚሰጠው ተራ መድኃኒት ይህን ትል አያጠፋውም።

ተቅማጥና ትውከት ሲይዘው

አንድ ጊዜ ቀጠን ያለ ሰገራ አውጥቶ የሚጫወትና የሚበላ ቡችላ ለአንድ ቀን ሊጠበቅ ይችላል። ንጹሕ ውሃ አይጓደልበት፤ ሩዝና የተቀቀለ ዶሮ ያለ አጥንት በትንሽ በትንሹ ስጡት። ትልቅ ውሻ ለግማሽ ቀን ከምግብ ቢታቀብ ችግር የለውም። ቡችላን ግን አታስጹሙት፤ የደሙ ስኳር ቶሎ ይወርዳል።

እነዚህን ካያችሁ ግን አትጠብቁ፦

- ሰገራው ደም ካለበትና ከባድ ሽታ ካለው
- የጠጣውን ውሃ ሁሉ የሚያስታውከው ከሆነ
- ከደከመ፣ አልነሳም ካለ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ከደረቀ
- የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ የማይመለስ ከሆነ

ከስድስት ሳምንት እስከ ስድስት ወር ባለ ቡችላ ላይ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ገደማ ታውቆ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዓለምን ያዳረሰ በሽታ ነው። ካልታከመ አብዛኞቹን ይገድላል። ሰውን አይዝም፤ አትፍሩ። ቫይረሱ ግን ግቢ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ "አንዱ ሞተ" ተብሎ በሳምንቱ ሌላ ያልተከተበ ቡችላ ማምጣት ሁለተኛውንም መቅበር ነው። እዚህ ላይ በረኪና ይሠራል፤ ሰገራውን ካነሳችሁ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ወለሉንና ዕቃውን እጠቡ። ክትባት አለው፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ተጀምሮ 4 ወር እስኪሞላው በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ይደገማል።

የሰው መድኃኒት አትስጡት። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ቡችላን ሊገድሉ ይችላሉ። ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒንም አይሰጥ።

ሆድ የሚመስል፣ ግን ሆድ ያልሆነ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጊዜ ይሰጣል። ይሄኛው አይሰጥም።

አንድ የቡና ገበሬ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። "ምን ሆኑ አባባ?" አልኳቸው።

"ምንም አይደል ልጄ፣ ውሻ አልነከሰኝም። ቡችላዬ አጥንት ተሰንቅሮበት ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ውሃ መዋጥ አቃተው። እጄን ከትቼ ላወጣለት ስል ጥርሱ ጫር አደረገኝ።"

"አጥንቱን አገኙት?"

"ኧረ የለም።"

"ቡችላውስ?"

"ትናንት ሞተ።"

ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ ውሃ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የጎረነነ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ስታዩ መጀመሪያ የሚታሰበው አጥንት ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በአፋን ኦሮሞ ሰሬ መራቱ የምንለው። ሁልጊዜ አይናከስም፤ ዝም ብሎ ጥግ ይዞ የሚተኛም አለ። ቫይረሱ የጉሮሮና የመንጋጋ ጡንቻ ስለሚያሽመደምድ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። ቫይረሱ ያለው ደግሞ እዚያው ምራቁ ውስጥ ነው። "ቡችላ አያብድም" የሚባለውም ልክ አይደለም፤ የሦስት ወር ያልሞላውም ይያዛል። ሰውዬው ቁስላቸው ወዲያው ታጥቦ ክትባቱን ጀመሩ፤ ጨረሱም። ደህና ናቸው።

ስለዚህ፦

1. መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ። ውሃም መድኃኒትም በግድ አትጋቱት። ለብቻው ዝጉበትና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

2. ከነከሳችሁ፣ ከጫራችሁ፣ ወይም ለሃጩ ቁስል፣ ዓይን ወይም አፍ ከነካ ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። በርበሬ፣ ቅቤ፣ ቅጠል አይደረግበት።

3. በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ጎሬ ላይ ክትባቱ በዚያን ጊዜ ከሌለ ወዴት መሄድ እንዳለባችሁ ባለሙያው ይነግራችኋል፤ መቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ከክትባቱ ጋር ግን፣ በክትባቱ ፋንታ አይሁን።

4. ውሻው ጤነኛ ከመሰለና የታወቀ ከሆነ አትግደሉት፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። 10 ቀን በጤና ከቆየ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ክትባቱን ለመጀመር ግን 10 ቀኑን አትጠብቁ።

"ሆድ ላይ 14 መርፌ" የሚለውን ፈርቶ የሚቀር ሰው አሁንም አለ። የድሮው ክትባት በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር፤ ዘመናዊው ግን ክንድ ላይ የሚሰጥና ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚደገም ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካተረፈ ወዲህ ለዚህ በሽታ መከላከያ አለን። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ግን ዛሬም የሚያድን መድኃኒት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ከእነዚህ መካከል በርካታ ሕፃናት አሉ። ልጆች ሲጫራቸው "እቆጣለሁ" ብለው ይደብቃሉ። ስለዚህ ልጃችሁን ዛሬ ማታ እንዲህ በሉት፦ "ውሻ ቢነካህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም።"

በአጭሩ ስልካችሁ ላይ የምታስቀምጡት

- 2፣ 4፣ 6፣ 8 ሳምንት፦ የትል መድኃኒት፣ ከእናቲቱ ጋር
- 3 ወይም 4 ሳምንት፦ ለስላሳ ምግብ ማስለመድ
- 6 እስከ 8 ሳምንት፦ የፓርቮ ክትባት መጀመሪያ
- 8 ሳምንት፦ ከእናቱ የሚለይበት
- 3 ወር፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፤ ከዚያ የእንስሳት ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ይደገማል
- እስከ 6 ወር በየወሩ፣ ከዚያ በየ3 ወሩ፦ የትል መድኃኒት
- በየቀኑ፦ ሰገራውን ማንሳት

ይህን የጻፍኩት ቡችላችሁን እንድታባርሩ አይደለም። ሜዳ ላይ የተጣለ ቡችላ ትሉንም ይዞ የሰፈሩን ሁሉ ልጅ ያገኛል። "ውሻ በበላበት ይጮኻል" ይባላል፤ እሱ ሌሊቱን ሙሉ እናንተን ይጠብቃል፣ እናንተም ሆዱን ጠብቁለት። የጠበቃችሁት የራሳችሁን ልጆች ነው።

ጥያቄ ያለው ኮሜንት ላይ ይጻፍ፤ የቡችላውን ዕድሜና የሚበላውን ነገር አብራችሁ ጻፉልኝ። ቡችላ ለገባበት ጎረቤት ደግሞ ሼር አድርጉለት።

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ!